ዳሽ አንድ፣ ዳሽ ሁለት፦ የተርሚናል ኦፕሽኖች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ኮማንድ ኦፕሽኖች (ተርሚናል ላይ ከኮማንዱ ቀጥለን የምንጽፋቸው፣ ሥራውን የሚቀይሩ ባለ ሰረዝ ፊደላትና ቃላት) የመጣላችሁን ጠይቁ። ኮማንዶቹን አፋችን እንደሚያነባቸው ነው የምጽፋቸው። «ዳሽ» አንድ ሰረዝ፣ «ዳሽ ዳሽ» ሁለት ሰረዝ ነው። ፊደሉ ትልቅ ከሆነ «ትልቁ» እላለሁ፤ ካላልኩ ትንሹ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዳሽ ቪ አንዱ ጋ ቨርዥን ነው፣ ሌላው ጋ ቨርቦዝ (ዝርዝር ወሬ) ነው፣ ፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ ላይ ደግሞ የማልፈልገውን መስመር ሁሉ ያመጣብኛል። ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ የፊደል እጥረት ነው። ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ነው። ግሬፕ ቪን ለተገላቢጦሽ ፍለጋ (ቃሉ የሌለበትን መስመር ለማምጣት) የወሰደው በ1970ዎቹ፣ ዩኒክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ገና ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በየፊናው ያዘው። ኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) ላይ ቨርዥን ነው። ፓይተን ላይ ቨርዥን ትልቁ ቪ ሲሆን ትንሹ ወሬ ያበዛል። ዶከር (ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬደው) ለብቻው ሲሆን ቨርዥን ነው፤ «ዶከር ረን» ላይ ሲገባ ግን ቮልዩም (ለኮንቴይነሩ የሚሰጥ ማከማቻ) ይሆናል። አንድን ፊደል ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይዞ መሄድ ቁማር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ቁጭ ብለው አያስተካክሉትም?

መልስ፦ ግሬፕ ዛሬ ዳሽ ቪን ቢቀይር፣ ነገ ጠዋት የስንቱ ሰርቨር ስክሪፕት (የተደረደሩ ኮማንዶች ፋይል) ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ኤረር ቢሰጥ እንኳ ጥሩ ነበር። ስለዚህ ማንም አይነካውም።

ጥያቄ፦ ረጃጅሞቹስ? እነሱ ላይ ስምምነት አለ?

መልስ፦ ይሻላሉ። የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) መመሪያ የሚያውቀው ባለ አንድ ፊደሉን ነው። ባለ ሁለት ዳሹን ያስለመደን ግኑ የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ነው። በኮድ አጻጻፍ ደንባቸው ማንኛውም ፕሮግራም «ዳሽ ዳሽ ሄልፕ» እና «ዳሽ ዳሽ ቨርዥን» እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ስሞቹም በየፕሮግራሙ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይመክራሉ። ከዚያ ቤት ያልወጣው ሁሉ ግን አይገዛበትም። ፋይል የሚፈልገው «ፋይንድ ዳሽ ኔም» ላይ ቃሉ ረጅም፣ ዳሹ አንድ ነው። ጃቫም ለረጅም ጊዜ «ዳሽ ቨርዥን» ነበር፤ ባለ ሁለት ዳሹ የመጣው በ2017 ከጃቫ 9 ጋር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለች። አሮጌው መልሱን የሚጽፈው ወደ ስታንደርድ ኤረር (የስህተት መልዕክት መውጫው) ነው፤ አዲሱ ወደ ስታንደርድ አውትፑት (የመደበኛ ውጤት መውጫው)። ፓይፕ (የአንዱን ኮማንድ ውጤት ለሌላው ማቀበያው) የሚወስደው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስክሪፕታችሁ የጃቫን ቨርዥን በፓይፕ ልቀበል ብሎ ባዶ እጁን የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የፎልደሩን ፈቃድ ከነውስጡ ላስተካክል ብዬ «ችሞድ ዳሽ አር 755» እና የፎልደሩን ስም ጻፍኩ። 755 የሚባል ፋይል የለም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውስጡን በኤልኤስ ልዘርዝር ስል እምቢ ይላል። አበላሸሁት?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ይመለሳል። ፋይል የሚቀዳውን «ሲፒ ዳሽ አር» ስለለመድሽ ነው። ችሞድ ላይ «ከነውስጡ» የሚለው ትልቁ አር ብቻ ነው። ትንሹ አር ኦፕሽን ሳይሆን ራሱ የማንበብ ፈቃድ ነው፤ ዳሹም እዚህ ጋ መቀነሻ ነው። «የማንበብ ፈቃዱን ንጠቅ» ብለሽዋል፣ እሱም ታዘዘ። የፈቃድ ቁጥሩን 755ን ደግሞ እንደ ፋይል ስም ቆጠረው። በትልቁ አር ድገሚው። በነገራችን ላይ 755ን ከነውስጡ ስትሰጪ ተራው የጽሑፍ ፋይል ሳይቀር ኤክስኪዩት የሚደረግ (እንደ ፕሮግራም የሚሮጥ) ይሆናል፤ ማኑዋሉ ላይ ስለ ትልቁ ኤክስ የሚለውን እዪ። ኤልኤስ ላይ ደግሞ ትንሹ አር ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። አር ብቻዋን የአንድ ቀን ወሬ አላት።

ጥያቄ፦ ኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያው) ላይ ፖርት በዳሽ ፒ ነው። ፋይል የሚልከው ኤስሲፒ ላይ ለምን እምቢ አለኝ?

መልስ፦ ኤስሲፒ የአሮጌው ፋይል መላኪያ የአርሲፒ ወራሽ ነው። ትንሹ ፒ የፋይሉን ሰዓትና ፈቃድ እንዳለ ለማቆየት ተይዞ ነበር፤ ፖርቱ ወደ ትልቁ ፒ ተገፋ።

ጥያቄ፦ ቢያንስ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ግን ወጥ ይሆናል፣ አይደል?

መልስ፦ ጊትን (የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን) አይተህ ነው የምትጠይቀኝ? «ጊት አድ ዳሽ ኤን»፣ «ጊት ፑሽ ዳሽ ኤን»፣ «ጊት ክሊን ዳሽ ኤን» ሦስቱም ምንም ሳይነኩ ምን ሊሆን እንደነበር ብቻ ያሳዩሃል። ይህን ለምደህ «ጊት ኮሚት ዳሽ ኤን» ብትል ከምሩ ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ይመዘግባል)፤ ያውም ከመመዝገቡ በፊት የሚሮጠውን የፕሪ ኮሚት ፍተሻ ዘሎ። እዚያ ጋ ዳሽ ኤን «ኖ ቬሪፋይ» (አትፈትሽ) ነው። እስካሁን ካየኋቸው የከፋብኝ ይሄ ነው፤ ልጠንቀቅ ብለህ የጻፍከው ፊደል ጥንቃቄውን ያነሳብሃል።

ጥያቄ፦ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ላይ ከዳሽ ፒ ቀጥዬ ፓስዎርዴን ጽፌ ሳበቃ እንደገና ፓስዎርድ ይጠይቀኛል።

መልስ፦ መሃል ላይ ስፔስ አስገብተሃል። ፓስዎርዱ ከፒው ጋር ካልተጣበቀ፣ የጻፍከውን የዳታቤዝ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ባትጽፈው ግን ይሻላል፤ ሂስትሪ (የጻፍካቸው ኮማንዶች መዝገብ) ላይ ይቀራል። ዳሽ ፒን ብቻ ስጠውና ሲጠይቅህ አስገባ።

ጥያቄ፦ ስክሪፕት ላይ አጭሩን ነው ረጅሙን የምትመክሩን?

መልስ፦ በእጅ ሲሆን አጭሩን፣ ስክሪፕት ላይ ረጅሙን። ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው በየመስመሩ ማኑዋል መክፈት የለበትም። የግኑ ፕሮግራሞች ስሙን ቆርጣችሁ «ዳሽ ዳሽ ቨርብ» ብትሏቸውም ይገባቸዋል፤ ስክሪፕት ላይ ግን አታድርጉት። ነገ በዚያው የሚጀምር ሌላ ኦፕሽን ሲጨመር የቱን እንዳላችሁ አያውቁም። ማክ ላይ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ እዚያ ብዙዎቹ ኮማንዶች ቢኤስዲ የሚባለው የሌላው የዩኒክስ ቅርንጫፍ ዘሮች ናቸው። ፋይሉን እዚያው የሚያርመው «ሴድ ዳሽ አይ» ግኑ ላይ ብቻውን ይበቃል። ማክ ላይ የባክአፕ ቅጥያ ይፈልጋል፣ ባዶም ቢሆን፤ ካልሰጣችሁት ቀጣዩን ቃል ይውጣል።

ጥያቄ፦ በፓይተን የራሴን ቱል እየጻፍኩ ነው። ለሁሉም ኦፕሽን አጭር ልስጥ?

መልስ፦ አትስጥ። ሰው በቀን ደጋግሞ ለሚጽፈው ብቻ። ለሚያጠፋ ነገር በፍጹም፤ ሙሉ ስሙን ይጻፉት። ዳሽ ኤችን አርግፓርስ (የፓይተን ኦፕሽን አንባቢ) ራሱ ለሄልፕ ይይዘዋል፣ ለሆስት ልውሰደው ብለህ አትታገል። አርግፓርስም ስም ማሳጠርን ስለሚፈቅድ «አላው አብሪቭ»ን ፎልስ አድርገው።

ጥያቄ፦ በስህተት «ዳሽ ኤፍ» የሚባል ፋይል ፈጠርኩ። ፋይል ማጥፊያው አርኤም አላጠፋውም፣ ኤረርም አልሰጠኝም።

መልስ፦ ስሙን «ሳትጠይቅ አጥፋ» እንደሚለው ኦፕሽን ወስዶት ነው። ለብቻው የቆመ ሁለት ዳሽ «ኦፕሽን እዚህ ጋ አበቃ» ማለት ነው። «አርኤም»፣ ስፔስ፣ «ዳሽ ዳሽ»፣ ስፔስ፣ ከዚያ ስሙን። ወይም ከስሙ በፊት ነጥብና ስላሽ አድርግበት። «አርኤም ኮከብ» ልበል እንዳትል ብቻ፤ ሼሉ (ኮማንዱን የሚቀበለው ፕሮግራም) ኮከቡን በፋይል ስሞች ሲተካው ያው «ዳሽ ኤፍ» ተመልሶ ኦፕሽን ይሆናል፣ ሌሎቹ ፋይሎችህ ሁሉ ሳትጠየቅ ይጠፋሉ፣ እሱ ብቻ ይተርፋል።