ሲሙሌተር ላይ ሄሊኮፕተሩ አልቆም ካለህ እውነተኛውን ገና አትግዛ

ወንድሜ፣ «ሲሙሌተር (የኮምፒዩተር የበረራ መለማመጃ) ላይ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ አንድ ቦታ አልቆም አለኝ፤ እውነተኛውን የሪሞት ሄሊኮፕተር ገዝቼ ብማር አይሻልም ወይ?» ብለሃል። በፍጹም አይሻልም። ችግሩ ደግሞ እጅህ ላይ ሳይሆን መሪህና አዘገጃጀትህ ላይ ይመስለኛል።

1. የጌም ጆይስቲክ ከሆነ የያዝከው፣ ተወው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያሉ ሻጮች «ለሁሉም ይሠራል» ማለታቸው ያናድደኛል፤ ለሄሊኮፕተር አይሠራም። ዱላው በጣም አጭር ነው፣ ስሮትሉንም (ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዱላ) ስፕሪንግ ወደ መሃል ይመልሰዋል። ጣትህ ስፕሪንግ መታገል ከለመደ ሜዳ ላይ ይጎዳሃል። እንደ ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ያለ ርካሽ ሪሞት ከዩኤስቢ ገመድ ጋር ይበቃል፤ በኋላም በእሱው ታበርበታለህ።

2. ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ሪሞቱ ላይ የሞዴሉን ዓይነት «ሄሊኮፕተር» ካልከው ቻናሎቹን (የየዱላውን ትእዛዝ) ራሱ ያደባልቃቸዋል፣ ሲሙሌተሩ ደግሞ በላዩ ላይ ይደግመዋል። ያኔ ከፍ አድርገው ስትለው ያዘነብላል፤ አንተ ግን ራስህን ትወቅሳለህ። ሪሞቱ ላይ «አውሮፕላን» ብለህ አዲስ ሞዴል ክፈት፣ ሚክስ (ማደባለቁን) አጥፋ፣ ትሪሙን (የዱላውን መሃል ትንሽ የሚያዛንፈውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርግ፣ ከዚያ ሲሙሌተሩ ላይ ካሊብሬት አድርግ (የዱላዎቹን መሃልና ጫፍ አስተዋውቀው)። አንዱን ዱላ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትገፋ የካሊብሬሽኑ መስኮት ላይ አንድ መስመር ብቻ መንቀሳቀስ አለበት። ሁለት ከተንቀሳቀሱ የሆነ ቦታ ሚክስ ቀርቷል፤ ተመልሰህ ፈልገው።

3. ሲሙሌተሩ ላይ ጥላና ዛፉን ቀንስ፣ ፍሬሙ (የምስሉ ፍጥነት) በሰከንድ 60 ይድረስ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ኃይል ይቆጥባል፣ ምስሉም ይዘገያል። ያን ሰዓት ባትለማመድ ይሻላል፣ የዘገየ እርማት ነው የሚለምድብህ።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ጭራውን ወደ አንተ አድርገህ ሆቨር (አየር ላይ አንድ ቦታ ማቆም) ጀምር። ዓይንህ አፍንጫው ላይ ይሁን እንጂ ጭራውን አትከተል። አብዛኞቹ ሞዴሎች ከላይ ሲታዩ ሮተራቸው (ዋናው ማራገቢያ) በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር የጭራው ግፊት ወደ ግራ ያንሸራትታቸዋል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ መቆሙ ጤና ነው፣ አታቃናው። ዱላውን በትንሽ በትንሹ ነካ አድርገህ መልሰው፤ ይዘህ ከቆየህ ይወዛወዛል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሳጥን ውስጥ አምስት ደቂቃ ከቆመልህ ብቻ 45 ዲግሪ አዙረው፣ ቀጥሎ በግራና በቀኝ ጎኑ፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ወደ አንተ። ፊቱ ወደ አንተ ሲሆን ቀኝ ያልከው ወደ ግራህ ይመጣል። የሚሰባበረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ስለሆነ ረጅሙን ጊዜ ለእሱ ስጠው።

አየሩንም አትርሳ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 35 ዲግሪ ሙቀት ሲጨመርበት አየሩ ከባህር ወለል መደበኛ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሐረርም ብትቀዘቅዝ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ያው ነው። ሲሙሌተሩ ላይ በ5 ዲግሪ ፒች (የብሌዱ፣ ማለትም የሮተሩ ክንፍ፣ ማዘንበያ) ሆቨር ያደረገ እዚህ 6 ገደማ ይፈልጋል፣ ሞተሩም ይግላል። ሲሙሌተርህ ከፍታና ሙቀት የሚሞላበት ቦታ ካለው ሙላው። ንፋሱንም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አድርግ።

ሲሙሌተሩ ላይ የወደቀውን የሚመልሰውን ሪሴት ቁልፍ አትመነው አቦ። ሄሊኮፕተሩ ከእጅህ ሲወጣ መሬት ሳይነካ ስሮትል ሆልድ (ሪሞቱ ላይ ሞተሩን የሚያቆመውን ማብሪያ ማጥፊያ) መምታት ልመድ። ሞተሩ ከቆመ ብሌዱ ቢሰበርም ዋናው ጥርስና ዘንጉ ሊተርፉ ይችላሉ። እነሱ ድሬ አይሸጡም፣ ከውጭ ነው የሚታዘዙት፤ የሄሊኮፕተሩን ፈቃድም ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ።