ኮሞዶር 64፦ ኮከቡ 232 ላይ ለምን ቆመ?

ጠያቂያችን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ኮሞዶር 64 (የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር) አሴምብሊ፣ ማለትም ለማሽኑ ቅርብ ወደሆነው የፕሮግራም ቋንቋ ተመልሰው፣ ስክሪኑን በ1000 ኮከብ የሚሞላ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ጽፈዋል። ዙሩን የሚቆጥረውን ኤክስን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ቁጥር መያዣ፣ ሬጂስተር) ከ1000 ጋር ቢያወዳድሩም አምስት ባለ40 ፊደል መስመር ሞልቶ ስድስተኛው ላይ 32 ኮከብ ደርድሮ ቆሟል። በማሽኑ ልሥራ ወይስ በኢሙሌተር (ማሽኑን በዘመናዊ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) የሚል ጥያቄም አለበት።

ኤክስ አንድ ባይት ስለሆነ ከ255 በላይ አይዝም። 1000 ማለት 3 ጊዜ 256 እና 232 ነው፤ አሴምብለርዎ (ኮዱን ወደ ማሽን ቁጥር የሚቀይረው ፕሮግራም) ሳያስጠነቅቅ 232ቱን ብቻ ወስዷል።

ስክሪኑን ለአራት ይክፈሉት፣ እያንዳንዱ 250 ፊደል ይደርሰዋል። ኤክስን ከ250 ወደ ታች ይቁጠሩ፤ ኤክስን በአንድ የሚቀንሰው ትዕዛዝ ዲኢኤክስ፣ ውጤቱ ዜሮ ሲሆን ራሱ ዜሮ ፍላግን (የዜሮ ምልክቱን) ስለሚያነሳ ማወዳደሪያው ይቀርልዎታል። ስክሪኑ ከአድራሻ 1024 ይጀምራል፤ ኤክስ ዜሮ ሲደርስ ሉፑ ስለሚያበቃ ግን የአራቱ ክፍሎች መነሻ አድራሻዎች በአንድ ይቀንሳሉ፦ 1023፣ 1273፣ 1523፣ 1773። እያንዳንዱን ክፍል 256 ፊደል አድርጌ ልገላገል እንዳይሉ፤ ጽሑፉ እስከ 2047 ይፈስና ከ2040 ጀምሮ ያሉትን የስፕራይት (የተንቀሳቃሽ ምስል) ጠቋሚዎች ያበላሻል።

እጅዎ እንዲፍታታ አንድ ጊዜ ያለ አሴምብለር ይሞክሩት። ከ49152 ጀምሮ እነዚህን 20 ባይቶች በፖክ (ቁጥርን በአድራሻ ላይ በሚጽፈው የቤዚክ ትዕዛዝ) ያስገቡ፦

169፣ 42፣ 162፣ 250፣
157፣ 255፣ 3፣
157፣ 249፣ 4፣
157፣ 243፣ 5፣
157፣ 237፣ 6፣
202፣ 208፣ 241፣ 96

ከዚያ ፕሮግራሙን ለማስኬድ ሲስ 49152 ብለው ይጻፉ። አድራሻው ታችኛው ባይት ቀድሞ እንደሚጻፍ ልብ ይበሉ፤ 255፣ 3 ማለት 1023 ነው። 241 ደግሞ ከ256 ላይ 15 ሲቀነስ የሚገኝ ነው፤ 15 ባይት ወደ ኋላ ተመለስ ማለት ነው። በመጀመሪያው ባይት በ169 ፋንታ 165 ቢገባ ግን ማሽኑ 42ን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ አድራሻ ያየዋል፣ ስክሪኑም እዚያ በተገኘው ነገር ይሞላል። አሴምብለር ላይ # ምልክቷን መርሳት ይህንኑ ያመጣል፤ ጀማሪም የቆየም የሚወድቅባት እሷ ናት።

ሲጨርስ የሚመጣው የማሽኑ መልዕክት ሬዲ ጥቂት ኮከቦች ቢሸፍን አይደንግጡ። ምንም ካልታየ ግን ከ55296 ጀምሮ ያለውን የቀለም ሚሞሪ 1 ይሙሉት፤ በአንዳንድ የሮም (የማሽኑ ቋሚ ፕሮግራም) እትም የፊደሉ ቀለም ከጀርባው ጋር አንድ ይሆናል።

ለመማሪያ ኢሙሌተሩ ይሻላል። የቫይስ፣ ማለትም የኮሞዶር ኢሙሌተሩ፣ ሞኒተር (የፕሮግራም መመርመሪያው) ትዕዛዙን አንድ በአንድ እያስኬደ ሬጂስተሮቹን ያሳይዎታል። ማሽኑን ከማብራትዎ በፊት ግን የድሮውን የኃይል አስማሚ በመልቲሜትር ይለኩ። የ5 ቮልቱ መስመር ከ5.2 ካለፈ አይሰኩት፤ እነዚህ አስማሚዎች ሲያረጁ ቮልቴጁን ወደ ላይ ይለቁትና የሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላሉ።