ሞባይል ባንኪንጉ «ታግዷል» ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ አፑ ወይም ኢንተርኔት ባንኪንጉ ድንገት አላስገባም ይላል፣ ደንበኛውም ገንዘቡ የታገደ መስሎት ይደነግጣል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የይለፍ ቃሌን ተሳስቼ አፑ ተቆለፈብኝ። ወደ ባንኩ ደውዬ አስከፈትኩ፣ አዲስም አወጣሁ። በማግስቱ ምንም ሳልሳሳት ዳግመኛ ተቆለፈ። እንደገና ባስከፍትም ያው ሆነ። ጥፋቱ የባንኩ ነው የእኔ?

መልስ፦ ከሁለታችሁም ይልቅ አሮጌውን የይለፍ ቃል ያልረሳ አንድ መሣሪያ ሳይኖር አይቀርም። የቀድሞ ስልክዎ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ነው? የቢሮ ኮምፒውተርዎ ብሮውዘር የይለፍ ቃሉን በራሱ ይሞላል? ወጪና ገቢ የሚመዘግብ ሌላ አፕ ከባንክ ሂሳብዎ ጋር አገናኝተዋል? እነዚህ ሁሉ አሮጌውን ቃል ሊልኩ ይችላሉ። የባንኩ ሲስተም ደግሞ ስንት ጊዜ ስህተት እንደገባ ይቆጥራል እንጂ ያስገባው እርስዎ ይሁኑ ማሽን አይለይም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ በስልኩም በብሮውዘሩም የተቀመጠውን የይለፍ ቃል ያጥፉ፤ ከአሮጌው ስልክ ላይ አፑን ያንሱ፤ የሒሳብ መመዝገቢያውን አፕ ያላቅቁ። ከዚያ በኋላ ነው መደወል። ሲደውሉም «ክፈቱልኝ» ብቻ ብለው አይዝጉ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አንደኛ፣ ከተመዘገቡት መሣሪያዎች ሁሉ እንዲያስወጡዎት፤ ሁለተኛ፣ የመጨረሻዎቹ የተሳሳቱ ሙከራዎች በስንት ሰዓትና ከምን ዓይነት መሣሪያ እንደመጡ። ሙከራው እርስዎ በተኙበት ሰዓት ከማያውቁት መሣሪያ የመጣ ከሆነ የተጠቃሚ ስምዎን የያዘ ሰው እየገመተ ነው ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን ባያገኘውም እየተሳሳተ እርስዎን ማስቆለፍ ይችላል። መፍትሔው የተጠቃሚ ስሙን ራሱን ማስቀየር ነው፤ የይለፍ ቃል ብቻ መቀየር አያስጥልም።

ምንም ያልተሳሳቱ የሚመስልዎትን ስህተትም ያጣሩ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ የተጻፈው በነጥብ ስለሚሸፈን አይታይም። ስልኩ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ፊደል በራሱ ትልቅ ሊያደርገው ይችላል። ከመልእክት ላይ ኮፒ ሲያደርጉ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ አብሮ ይመጣል። ባንኩ በሚልከው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ውስጥ ዜሮና «ኦ»፣ አንድና ትንሿ «ኤል» ይምታታሉ። ዓይን የምትመስለውን ምልክት ነክተው የጻፉትን አንብበው ይላኩ። ጊዜያዊው ደግሞ ቶሎ ስለሚያልፍበት በደረሰዎት ሰዓት ይጠቀሙበት፤ ስልኩ «ላስቀምጠው?» ሲልዎት እንቢ ይበሉ፣ አለበለዚያ ነገ የሚያስቆልፍዎት እሱ ነው።

ብዙ ባንኮች ከ3 እስከ 5 ስህተት ይታገሣሉ። ሁለተኛው ላይ ቆም ብሎ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን መንካት ከሁሉም ይቀላል፤ ከተቆለፈ በኋላ ግን ይኸው መንገድ ብዙ ጊዜ አብሮ ይዘጋል። አንዳንዱ መቆለፍ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ ይፈታል። በመሀል «ተከፍቶ ይሆን?» እያሉ መሞከር ግን ቆጠራውን ከመጀመሪያው ሊያስጀምረው ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ የተዘጋው የኢንተርኔቱ መግቢያ ይሁን ሂሳቡ ራሱ ለማወቅ ካርድዎን ኤቲኤም ላይ ይሞክሩ። ገንዘብ ከሰጠዎት፣ ወይም ቅርንጫፍ ሄደው ማውጣት ከቻሉ፣ ሂሳቡ አልታገደም። ካርዱም እንቢ ካለ ሁለተኛ ሙከራ ሳያደርጉ ወደ አራተኛው ጥያቄ ይለፉ።

ጥያቄ፦ አፑን አጥፍቼ እንደገና ብጭነው አይስተካከልም?

መልስ፦ አይቸኩሉ። በብዙ ባንኮች አፑ ከስልኩ ጋር የሚተሳሰረው በመጀመሪያው ምዝገባ በስልኩ ውስጥ በሚቀመጥ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። አፑን ሲያጠፉ ቁልፉም ይጠፋል፣ ስልክዎም ለባንኩ እንግዳ ይሆናል። ያኔ ምዝገባውን ከአንድ ሊጀምሩ ነው። ማዘመን ግን ምንም አይጎዳም፤ ያረጀ የአፑ ቅጂ የተቆለፈ የሚያስመስል የስህተት መልእክት ሲያመጣ ይታያል። ቪፒኤን ከፍተው ከሆነም ዘግተው ይሞክሩ፤ ከሌላ አገር የገቡ ስለሚያስመስል ሲስተሙ ይጠራጠራል።

ጥያቄ፦ የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ አይደርሰኝም። ደጋግሜ ስጠይቅ «ሙከራዎ አልቋል» ብሎ ዘጋብኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ለሌላ ሰው ነግረው ተራ መልእክት ያስልኩ። እሱም ካልደረሰ ችግሩ የስልኩ ወይም የሲሙ ነው፦ የመልእክት ማከማቻው ሞልቷል፣ ሮሚንግ ላይ ነዎት፣ ወይም ሁለት ሲም በያዘው ስልክ ላይ የተመዘገበው ሲም ጠፍቷል። ተራው መልእክት ደርሶ የባንኩ ካልደረሰ፣ ባንኮች የሚልኩት ከአጭር ቁጥር ስለሆነ አንድ ቀን «ማስታወቂያ አልፈልግም» ብለው አግደውት ይሆናል። የታገዱ ቁጥሮችንና የአይፈለጌ መልእክት ማኅደሩን ይመልከቱ፤ ከዚያ ካጡት የቴሌኮም ድርጅቱን ይጠይቁ።

ኮድ በተጠየቀ ቁጥር የቀደመው ይሰረዛል፤ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው። መልእክቶቹ ዘግይተው ተደራርበው ሲደርሱ ሰው የመጀመሪያውን ያስገባና ስህተት ይቆጠርበታል። አንድ ጊዜ ጠይቆ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይሻላል።

ስልክ ቁጥር ቀይረው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ባንኩ የሚልከው በመዝገቡ ላይ ወዳለው ቁጥር ስለሆነ አዲስ ሲም ማውጣትዎን አያውቅም። የቁጥር ለውጥን አብዛኞቹ በስልክ አይቀበሉም፤ መታወቂያ ይዘው እንዲቀርቡ ያደርጋሉ። ያሰለቻል፣ ልክ ግን ናቸው፤ ሌባ ቀድሞ የሚሞክረው ይህንኑ ቁጥር ማስቀየር ነው። ቁጥሩ ያው ሆኖ ሲም ካርዱን ብቻ ያስተኩም ቢሆን ባንኩ ዝውውርን ለጊዜው ሊገድብ ይችላል።

ኮዱን የሚያወጣልዎ በስልክዎ ያለ የማረጋገጫ አፕ ከሆነ ደግሞ ሰዓትዎን ይመልከቱ። ባለ 6 አሃዙ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረው የስልኩን ሰዓት መሠረት አድርጎ ነው። ሰዓቱን በእጁ ያዛወረ ሰው የሚያገኘው ኮድ ሁሉ ስህተት ይሆንበታል። ቀንና ሰዓትን «ራስ-ሰር» ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ገባ ልበል ብል «ሂሳብዎ በማጣራት ላይ ነው» ይላል። ካርዴም አይሠራም። የጥሪ ማዕከሉ ምክንያቱን ሊነግረኝ ፈቃደኛ አይደለም። መብቴ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል፤ ቢያውቅም እንዳይናገር ሕግ ሊከለክለው ይችላል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል፣ ኤፍኤቲኤፍ፣ በ21ኛው ምክረ ሐሳቡ ባንክ ስለ አጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት ማድረጉን ለደንበኛው እንዳይገልጽ ይላል። ብዙ አገሮችም ይህንን በሕጋቸው አስገብተዋል። ይህ ማለት እርስዎ ተጠርጥረዋል ማለት አይደለም። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ፣ ያልታደሰ የደንበኛ መረጃ፣ ከወትሮው የበለጠ ገቢ፣ በአንድ ቀን ለብዙ አዲስ ሰዎች የተላከ ገንዘብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይም ገንዘብ የላከልዎ ሰው «ተጭበርብሬ ነው» ብሎ ማመልከቱ፣ ሁሉም ያንኑ መልእክት ያመጣሉ።

«ለምን?» እያሉ መሟገት ሠራተኛውን ዝም ያሰኘዋል። መልስ ያላቸውን ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ የታገደው ወጪ ብቻ ነው ወይስ ገቢም? ከእኔ የሚፈለግ ሰነድ አለ? የት ላስገባ? ጉዳዩን የያዘው የትኛው ክፍል ነው? መለያ ቁጥሩ ስንት ነው? እስከ መቼ መልስ ልጠብቅ? የጠየቁበትን ቀንና ሰዓት፣ የመለሰልዎትን ሠራተኛ ስም፣ የማያ ገጹን ስክሪንሾት አንድ ቦታ ይያዙ።

ሰነድ ከተጠየቁ የገንዘቡን ምንጭ የሚያሳይ ነው የሚያስፈልገው፤ የሽያጭ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የውርስ ወረቀት፣ የላኪው ደረሰኝ። አንድ ገጽ ማብራሪያ አብረው ያያይዙ፦ በዚህ ቀን፣ ይህን ያህል፣ ከእገሌ፣ ለዚህ ጉዳይ። ዛሬ «ብድር ነው» ነገ «ስጦታ ነው» ማለት ማጣራቱን ያራዝማል። ስምዎ በመታወቂያው ላይና በባንኩ መዝገብ ላይ በተለያየ አጻጻፍ ካለ ራስዎ ቀድመው ይንገሩ። ኮፒውን አስገብተው በማኅተም የተመታ የመቀበያ ቅጂ ይውሰዱ፤ ዋናውን አይተዉ።

ማጣራቱ ባለበት ጊዜ የብድር ክፍያዎ ከደረሰ ዝም አይበሉ። ቅርንጫፍ ሄደው በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተቻለም ሂሳቡን ያገደው ባንኩ ስለሆነ ቅጣት እንዳይታሰብብዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። ደመወዝዎ እዚያው የሚገባ ከሆነ ቀጣዩን ወደ ሌላ በስምዎ ወዳለ ሂሳብ ያስዙሩ። በወዳጅ ሂሳብ ገንዘብ ማዘዋወር ግን ወዳጅንም ያሳግዳል። የተባለው ቀን ካለፈ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል ቀን ያለው ደብዳቤ ያስገቡ፤ ባንኮችን የሚቆጣጠረው አካል አቤቱታ ሲቀበል አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ደብዳቤ ነው።

ጥያቄ፦ «ሂሳብዎ ተቆልፏል፣ ለመክፈት ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት መጣልኝ። ከባንኬ ስም ጋር ነው የመጣው። ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ «እኔ ላግዝዎ» አለኝና አፕ አስጫነኝ፣ ኮድም ነገርኩት። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሁኑኑ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፣ ዋይፋዩም መጥፋቱን ይዩ። ያስጫነዎት አፕ ስልክዎን ከርቀት የሚያንቀሳቅስ ሊሆን ስለሚችል ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ የሰውየው እጅም ይቋረጣል። በሌላ ሰው ስልክ፣ በካርድዎ ጀርባ ወደ ተጻፈው ቁጥር ይደውሉ። ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ያገኙትን ቁጥር አይመኑ፤ አጭበርባሪዎች የሐሰት ቁጥር በማስታወቂያ ከላይ ያስወጣሉ። «ገንዘቤ እየተወሰደ ነው፤ አፑንም ካርዱንም ሂሳቡንም አግዱልኝ» ይበሉ። የወጣ ገንዘብ ካለ ተቀባዩ ባንክ እንዲይዘው አብረው ይጠይቁ፤ ሌባው ካላወጣው ሊቆም ይችላል፣ ለዚህም ነው እያንዳንዷ ደቂቃ የምትቆጠረው።

ከዚያ በንጹሕ መሣሪያ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። በስልክዎ ቅንብሮች ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ከፍተው ያላወቁት አፕ ፈቃድ ካለው ይንጠቁት፣ አፑንም ያጥፉ። መልእክቱንና የደወለበትን ቁጥር ለፖሊስ ማመልከቻ ስክሪንሾት አድርገው ካስቀሩ በኋላ፣ ጥርጣሬ ከቀረዎት ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት። የስልክዎ ኔትወርክ ያለ ምክንያት ከጠፋ በስምዎ ሌላ ሲም ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ለቴሌኮሙም ይደውሉ።

የባንኩ ስም መውጣቱ ምንም አያረጋግጥም፤ የላኪን ስምም የደዋይን ቁጥርም ማስመሰል ይቻላል። ሊንክ ሲያዩ «https://» የሚለውን ትተው፣ ከዚያ ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያ ያዘመመ መስመር (/) በፊት ያለውን ክፍል ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያንብቡት፤ ባለቤቱን የሚናገረው መጨረሻው ነው። የባንኩ ስም ከፊት ተለጥፎ እንደ «.com» ወይም «.com.et» ካለው መደምደሚያ በፊት ሌላ ቃል ካለ ገጹ የባንኩ አይደለም። አድራሻው ጎን ያለችው የቁልፍ ምልክትም መስመሩ መመስጠሩን እንጂ ሰውየው ታማኝ መሆኑን አትናገርም።

ጥያቄ፦ የእናቴን ሂሳብ በእኔ ስልክ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አፕ አይችሉም። አሁን ተቆለፈ፤ ስደውል ጥያቄ ይጠይቁኛል። እሳቸውን ሆኜ ልመልስ?

መልስ፦ አይሁን። ድምፅዎና መልስዎ ካልተጣጣመ ተራው መቆለፍ የማጭበርበር ማጣሪያ ይሆንና ሂሳቡ ሊታገድ ይችላል። እናትዎ አጠገብዎ ካሉ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ፤ «ልጄ ያግዘኝ» ሲሉ ከፈቀደ ሠራተኛው ይቀጥላል። ካልሆነ መታወቂያቸውን ይዘው አብረው ቅርንጫፍ ይሂዱ። ፊርማቸው በዕድሜ ተለውጦ ከናሙናው ጋር አልገጥም ካለ እዚያው አዲስ ናሙና እንዲፈርሙ ይጠይቁ። ለወደፊቱ ሕጋዊ ውክልና ያሰጡዎት፤ በውክልናው ላይ የባንኩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩና «በሞባይልና በኢንተርኔት ባንኪንግ ማንቀሳቀስን ጨምሮ» የሚል ግልጽ ቃል ይግባበት። «ጉዳዬን ሁሉ» የሚል ጥቅል ውክልና ብዙ ባንክ ይመልሳል። ሲቀበሉትም በራስዎ ስም የተለየ መግቢያ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ፤ የእናትዎ የይለፍ ቃል የእሳቸው ብቻ ሆኖ ይቀር።