ሳይፈነዳ የቀረው
በቀደም አንዲት ወጣት መሐንዲስ "ጋሼ፣ ሳይፈነዳ የቀረው ፈንጂ የት ይሄዳል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ቶሎ ከአፌ አልወጣ አለኝ እንጂ።

በወጣትነቴ የመንገድ ጠጠር የሚወጣበት ካባ ላይ እሠራ ነበር። ጊዜው ክረምት ነው። የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውሃ ቋጥረዋል። ውሃ የሚቋቋመው የፈንጂ ዓይነት ውድ ነው ተብሎ አልመጣልንም። እኛም ቀኑ እንዳያልፍብን ብለን በአሞኒየም ናይትሬት የሚሠራውን ሞላንበት። ሲፈነዳ ብርቱካናማ ጭስ ተነሳ። ያ ቀለም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ፈንጂው በወጉ እንዳልነደደ ይናገራል። ከጆንያ የፈሰሰው ነጭ የፈንጂ ፍሬ ደግሞ መሬቱ ላይ እንደ ስኳር ተበትኗል።

ከካባው ግርጌ ምንጭ አለ። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ውሃ ሊቀዱ መጡ። "ልጄ፣ ይህ ነጭ ነገር ውሃችንን አይነካብንም?" አሉኝ። "እሱ ማዳበሪያ ነው እማማ፣ ምንም አይል" አልኳቸው። አመኑኝ። በማግስቱ ቡና ጠሩኝ፤ ሄጄ ጠጣሁ። የተፈላው በዚያው ምንጭ ውሃ ነበር።

ማዳበሪያ መሆኑ እውነት ነው። ግን በውስጡ ያለው ናይትሬት በውሃ ይሟሟል፣ አፈር አይዘውም፣ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። አይሸትም፣ ቀለምም የለውም። ውሃውን ብታፈሉት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ50 ሚሊግራም አይብለጥ የሚለው በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አስቦ ነው። ናይትሬት ሲበዛባቸው ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

የጦር ፈንጂውም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ኬፕ ኮድ በሚገኝ የጦር ልምምድ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1997 ተኩሱ እንዲቆም ታዟል፤ የከርሰ ምድር ውሃው ይበከላል ተብሎ ስለተሰጋ ነው። ኋላም አርዲኤክስ የሚባለው ፈንጂ እዚያው ውሃ ውስጥ ተገኝቷል።

እናንተ ወጣት መሐንዲሶች ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ። የሚያናድደኝ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጣችሁ፣ የወንዙን ስም እንኳ ሳትቀይሩ ስታስገቡ ነው። ወረቀቱን ተዉትና ጭሱን እዩ፤ ዓይናችሁን እመኑ። አይ፣ ዓይንም አይበቃም። የእኔ ዓይን ያየው ኩልል ያለ ውሃ ነው። ከመጀመሪያው ፍንዳታ በፊት ናሙና ውሰዱ። እኛ አልወሰድንም፤ ስለዚህ ምንጩ ያኔ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

አምና በዚያ በኩል ሳልፍ ወርጄ በጠርሙስ ቀዳሁና ላብራቶሪ ሰጠሁት። ደህና ነው አሉኝ። ካባው ግን ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! እማማም የሉም። ያኔ ጀርባቸው ላይ ስለነበረው ልጅ ብጠይቅ፣ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።