ከፊርማው በፊት ፈቃድ ክፍል ሂጂ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። «ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ነን። ከከተማ አስተዳደሩና ከአንድ ሪል እስቴት ጋር ሆነን አረንጓዴ ግንባታን ማስተዋወቅ እንፈልጋለን። ለማሳያ አንድ ሕንፃ ልንሠራ አስበናል፤ ከየት እንጀምር?» ብለሻል። ብዙ ሰው «በርቱ» ብሎሻል፤ እኔም እላለሁ። ግን በዚሁ መንገድ ሄጄ አንድ ሙሉ ዓመት ስላቃጠልኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኛ የሠራነው ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት መንገድ በሆነ ከተማ ነው። ሁለት የመዋለ ሕፃናት ክፍሎች፣ በተጨመቀ የአፈር ብሎኬት (አፈር ከትንሽ ሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በማሽን የሚጨመቅ ነው)። ዛሬ ቆመዋል፤ ልጆች ይማሩባቸዋል። ግን ሳይሠሩ ሊቀሩ ለጥቂት ነበር።

ስለ ምዝገባና ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍ አልነግርሽም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

1. የሚፈርምልሽና የሚፈቅድልሽ መሥሪያ ቤት አንድ አይደለም።

እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው። የመግባቢያ ሰነዱን የተፈራረምነው ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ነበር። አዳራሽ ተዘጋጀ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተጨበጨበ። ኃላፊው ቅን ሰው ነበሩ። ከነባሩ ትምህርት ቤት ግቢ ላይ ቦታ ቆርሰው ሰጡን። እኛም «መንግሥት ተስማምቷል» ብለን ለለጋሹ ጻፍን። ገንዘቡም ተለቀቀ።

ታኅሣሥ ላይ ማሽኑን አስገባን። በእጅ የሚጫን መጭመቂያ ነው፤ መብራት አይፈልግም። (እንዲህ ዓይነቱ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮሎምቢያ ውስጥ ተሠርቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። «ያልተሞከረ ነገር አምጥታችሁ» ለሚልሽ ሰው ይህን ንገሪው።) በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ 12 ወጣቶች አሠለጠንን። እስከ መጋቢት ድረስ 9 ሺህ ያህል ብሎኬት ተደረደረ። በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ከዚያ የሕንፃ ፈቃድ ክፍል ሄድን። ልብ በይ፣ ብሎኬቱ ካለቀ በኋላ ነው የሄድነው።

እኛ ያሰብነው «ባለ አንድ ወለል ናት፣ ትንሽ ናት፣ ምድብ ሀ ውስጥ ትገባለች» ብለን ነው። ያኔ የምንሠራበት የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ነበር። በአዋጁ ምድብ ሀ ማለት ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት ነው። የእኛ ልኩ እሱ ነበር። ግን ለሕዝብ ወይም ለተቋም አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ቁመቱ ምንም ይሁን ምን ምድብ ሐ ነው። ከ12 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ፎቅ ጋር እኩል ማለት ነው! መዋለ ሕፃናት ደግሞ የተቋም ሕንፃ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያላቸው የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ባለሙያዎች የፈረሙበት ዲዛይን፣ የአፈር ምርመራ፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሥራ ንድፍ ተጠየቅን። በእጃችን የነበረው አንድ በጎ ፈቃደኛ አርክቴክት በነፃ የሣለልን ሦስት ወረቀት ብቻ ነው። አዋጅ ይሻሻላልና አንቺ የሚመለከትሽን አሁን የሚሠራበትን ጠይቂ። ብቻ ጠይቂ! ማሽን ከመግዛትሽ በፊት፣ ለለጋሽ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ።

በዚህ ላይ የቁሱ ጉዳይ መጣ። መስኮቱ ላይ የነበረው ባለሙያ ወረቀታችንን እንኳ ሳይገልጥ «ልጆቻችንን ወደ ጭቃ ቤት ልትመልሱ ነው?» አለን። ሰው ፊት ነው ያለን። ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ተመላለስን። አንድ ቀን ስብሰባ ናቸው፣ አንድ ቀን መስክ ወጥተዋል፣ አንድ ቀን ፋይሉ አልተገኘም። የቁሱ ጥንካሬ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ይምጣ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ልጆች የሚገቡበት ቤት ነውና እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ግን ይህን የመጀመሪያው ቀን መናገር ይቻል ነበር። አራት ሳምንት ሙሉ ምን እንደጎደለን የነገረን አልነበረም።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያመኛል። እኔ ጭቃ ቤት ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ክረምቱ አልፎ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግድግዳውን ትለቀልቅ ነበር። እኛ ልጆቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር እንረግጣለን። ያ ቤት ቀን አይሞቅም፣ ሌሊት አይቀዘቅዝም። ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ብሎ ያስተማረን ማን እንደሆነ አላውቅም። አንቺም ይህ ይገጥምሻል፤ ከወላጆችም ጭምር። የእኛ ወላጆች በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ለሀብታም ልጆች ብሎኬት፣ ለእኛ ልጆች አፈር?» ብለው ነው የጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በቃል አልመለስነውም፤ እንዴት እንደተመለሰ በኋላ እነግርሻለሁ።

እና ሰኔ ገባ። ብሎኬቱን የሸፈንንበት ሸራ ቀጭን ነበርና ንፋስ ቀደደው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስደርስ የታችኛው ረድፍ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ነካሁት። እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ። ከላይ ያሉት ደህና ነበሩ። የፈረሱት የትኞቹ እንደሆኑ ኋላ ገባን። ሲሚንቶ በተወደደበት ሰሞን፣ ከመቶ 8 እጅ ይገባ የነበረውን «ይበቃል» ብለን ወደ 5 ያወረድንባቸው ናቸው። ለምርመራ እንኳ ሳናሳይ በራሳችን ነው የቀነስነው። ሲሦው ያህል ብሎኬት ተበላሸ። ለለጋሹ ያን ሪፖርት ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ሲሚንቶ አትቀንሺ። ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በላስቲክ ተሸፍኖ እርጥብ ይሁን፤ 28 ቀን ሳይሞላው ግድግዳ ላይ አይውጣ። አፈሩንም አስቀድመሽ እይ። ዋልካ ከሆነ እርሺው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀዩ አፈር ነው የሚሆነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሦውን አፈር ሙዪው፣ ውሃ ጨምሪበት፣ በደንብ ናጪውና አስቀምጪው። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይቀመጣል፤ ደለሉ ይከተላል፤ ሸክላው እስከ ማግሥቱ ሲወርድ ያድራል። መስመሮቹ በዓይን ይታያሉ። አሸዋው በዛ ያለ፣ ሸክላው መጠነኛ የሆነውን ምረጪ።

2. ባለሀብቱ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።

ከተማዋ ውስጥ ተራውን የሲሚንቶ ብሎኬት የሚያመርቱ አንድ ባለሀብት አሉ። መጀመሪያ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስለ ካርቦን ግማሽ ሰዓት አወራሁላቸው። ሲሚንቶ የዓለምን የካርቦን ልቀት ከመቶ 7 እስከ 8 እጅ ይሸፍናል፣ ምድጃው 1,450 ዲግሪ ይደርሳል፣ አገራችን መብራቱን በአብዛኛው ከውሃ ስለምታገኝ የሕንፃዎቻችን ትልቁ የካርቦን ዕዳ ቁሱ ላይ ነው... ሁሉም እውነት ነው። ሰውየው ግን ስልካቸውን ነበር የሚያዩት። በኋላ እንደሰማሁት «ገበያዬን ሊዘጉ የመጡ ናቸው» ብለው ለሰው ነግረዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ብሎኬቱ ከተበላሸ በኋላ ነው። ያኔ ንግግሬን ቀየርኩ። «ጋሼ፣ የግሬድ ቢሙንና የቶፕ ታይ ቢሙን (ከግድግዳው ሥርና አናት ላይ የሚታሰረውን ኮንክሪት) ሥራ እርስዎ ይውሰዱ። ወጣቶቹን ደግሞ በማሽኖችዎ አጠገብ ቦታ ሰጥተው ያስጠልሏቸው። ትዕዛዝ ሲመጣ አብራችሁ ትሸጣላችሁ» አልኳቸው። ቀና አሉ። ዲዛይኑን የፈረመልንን መሐንዲስ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ክፍያውንም እሳቸው ሸፈኑ። ዛሬ ግቢያቸው ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ብሎኬት ተደርድሮ ታገኚዋለሽ።

የአንቺ ሪል እስቴት ደግሞ ሽያጭ ነው የሚያስጨንቀው። ለእሱ የሚጥመው ኤጅ (EDGE) የሚባለው የአረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፍኬት ነው። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይ.ኤፍ.ሲ. ያዘጋጀው ነው፤ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ቁስ ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። ቁጥሩ ግልጽ ስለሆነ ነጋዴ ይወደዋል። ግን ከእሱ በፊት አንድ ብር የማያስወጣውን ጠይቂው፦ የሕንፃው ረጅም ጎን ወዴት ይዞራል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ በራሱ ማቀዝቀዣ ነው። ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙረሽ፣ በምዕራብ በኩል መስታወት ከቀነስሽ ኤሲ አያስፈልግም። ፎቁን በሙሉ መስታወት አልብሰው ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ካርቶን መስኮት ላይ ሲለጥፍ ሳይ ያናድደኛል።

3. በጀትና ሹም ሽር...

ይህን ክፍል ስለ ቀን መቁጠሪያው ልጽፍልሽ ነበር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራልና ሰኔ ላይ «የእናንተ ድርሻ» ብለሽ አትሂጂ፤ ዕቅድ በሚያወጡበት በበጋው ሂጂ። እውነተኛው ችግር ግን ሰው መቀየሩ ነው። ነሐሴ ላይ እነዚያ ቅን ኃላፊ ተዛወሩ። አዲሱ ኃላፊ ሰነዱን አላዩትም፤ ለማየትም አልፈለጉም። «ይሄ የእሳቸው ጉዳይ ነው» አሉን። በፊርማና በማህተም የጸና ሰነድ የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ያዳነን ከከተማው ማዘጋጃ ቤት የመጡ አንድ መሐንዲስ ናቸው። ኃላፊ አይደሉም፤ ሰነድም አልፈረሙም። መስከረም ላይ ደብዳቤ መጻፍ ትተን «ኢንጂነር፣ አንድ ጊዜ ሳይት መጥተው ይዩልን» ብለን ለመንናቸው። መጡ። ከትናንት ጀምሮ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ብሎኬት ነበረን። አውጥተን ውሃው እየተንጠባጠበ ሁለት ድንጋይ ላይ እንደ ድልድይ አጋደምነው። «ይቁሙበት» አልናቸው። ሳቅ አሉና በአንድ እግር ሞከሩት። ከዚያ በሁለት እግር ወጡ። ገዘፍ ያሉ ሰው ናቸው። ብሎኬቱ ንቅንቅ አላለም። ወርደው ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ቧጠጡት። ጥቂት ዝም አሉና «ለላቦራቶሪው ደብዳቤውን እኔ እጽፍላችኋለሁ» አሉን። ከዚያች ቀን በኋላ ሥራውን የሚከታተለው የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ፈቃዱ በሁለት ወር ወጣ።

ይህን ቀን መስከረም ላይ ሳይሆን ያለፈው ኅዳር ላይ፣ አንድም ብር ሳናወጣ ማድረግ ይቻል ነበር። አሥር ሙከራ ብሎኬትና አንድ ባልዲ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው በኮሚቴሽ ውስጥ በስም ይመደብ። በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ያ ክፍል እንደ አንድ ወገን ይፈርም። ቃለ ጉባኤም ይኑር፣ ግልባጩ አንቺ ጋ ይቀመጥ። በክልል ከሆነ የፕሮጀክት ስምምነቱ ፋይናንስ ቢሮንም ይነካልና እዚያም ደጋግመሽ ታዪ።

ገርጂን አስቢ። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት ከጂ.ቲ.ዜድ. ጋር እዚያ የሙከራ ቤቶች ሠራ። በብሎኬትና በተገጣጣሚ ወለል ወጪ የመቀነስ ሐሳብ ነበር። ያ ሙከራ በኋላ ወደ ኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ አድጎ አገር ሙሉ ተዳረሰ። በጥቃቅን የተደራጁ ወጣቶችም ብሎኬት እያመረቱ እንጀራ በሉበት። ለምን ይመስልሻል? ማህተሙን የያዘው አስተዳደር ራሱ የሥራው ባለቤት ስለነበረ ነው። እንግዳ ሆኖ ለምርቃት አልመጣም።

ሌላ አንድ ነገር፣ በፍጥነት። በ1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይበልጥም። የአፈር ምርመራውን፣ የሥልጠናውንና የሳይት መሐንዲሱን ክፍያ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር አያይዘሽ በጀት ላይ ጻፊው። እኛ አንዱን «ልዩ ልዩ» ብለን ጽፈን ኦዲተሩ አስተዳደር ውስጥ ከቶብን ሦስት ሳምንት ተከራክረናል።

ወላጆቹን ደግሞ እንዴት እንደመለስንላቸው ቃል ገብቼልሽ ነበር። ክፍሎቹ ሲያልቁ በሚያዝያ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጠራናቸው። መጀመሪያ ወደ ነባሩ የቆርቆሮ ክፍል አስገባናቸው፤ ከዚያ ወደ አዲሱ። ምንም አልተናገርንም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያን ጥያቄ የጠየቁን እናት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ። «ልጄ እዚህ ትቀመጥ» አሉ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ለራሳቸው ቤት ብሎኬቱ ስንት እንደሚሸጥ ሊጠይቁ መጥተዋል። ሥልጠናውን ከወሰዱት 12 ወጣቶች ሰባቱ እስከ ዛሬ በሥራው ላይ ናቸው፤ በእነሱ እኮራለሁ።

አሁን ሁለት ነገር መልሺልኝ። ማሳያ ሕንፃው ለምን አገልግሎት ነው? የቦታው አፈርስ ቀይ ነው ወይስ ዋልካ? እሱን ከነገርሽኝ ለፈቃድ ክፍል የጻፍነውን ደብዳቤና የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ስማችንን አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። እንደሁኔታሽ ታስተካክዪዋለሽ።