እንጀራውን አትከልክያቸው፤ መጀመሪያ ድንቹን አስተካክዪ

እናትሽ እንጀራ ይብሉ። "ኩላሊቷን ያመማትና ፖታሺየሟ ከፍ ያለ እናቴ እንጀራና ድንች ትተው ወይ?" ብለሻል። ሁለቱንም ጨርሶ መተው የለባቸውም፣ ግን ድንች ፖታሺየም (የታመመ ኩላሊት በደንብ የማያስወጣው ማዕድን) ስለሚበዛበት እንደ ድሮው አይሠራም።

ጤፍ ከነጭ ሩዝ የበለጠ ፖታሺየምና ፎስፈረስ (ይኸኛውም ኩላሊት ሲታመም የሚከማች ማዕድን ነው) አለው። ስለዚህ መጠኑን ቀነስ አድርጊ፣ ወይ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅለሽ ጋግሪ። አንዳንድ ቀን ነጭ ሩዝ ወይም መኮሮኒ ስጫቸው። ስኳር ካለባቸው ግን ነጭ ሩዝ ቶሎ ከፍ ያደርገዋልና መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሪ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ጣጣው ከእንጀራው ይልቅ ላዩ ላይ የሚፈሰው ነው። ሽሮና ምስር ራሳቸው ፖታሺየም አላቸው፣ ጨው ሲበዛባቸው ደግሞ ለኩላሊቱ ይብሳል።

ድንቹን እንዲህ አድርጊ፦

1. ልጠሽ በትንንሹ ክተፊው። ትልልቁ ፖታሺየሙን ብዙም አይለቅም።
2. በብዙ ውሃ በደንብ ቀቅዪው። ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻውን አይበቃም።
3. ውሃውን ድፊ፣ ከዚያ ወጡ ውስጥ ጨምሪው።

ሦስተኛዋ ላይ ነው እኛ ቤት የተሳሳትነው። የአባቴን ድንች በሥርዓት ቀቅለን፣ "ቫይታሚኑ አይባክን" እያልን በውሃው ሾርባ እንሠራላቸው ነበር። ለካ ፖታሺየሙ የወጣው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው! በደም ምርመራው ፖታሺየማቸው አልወርድ ሲል የምግብ ባለሙያዋ "ውሃውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?" ብላ ስትጠይቅ ነው የነቃነው።