የሚያጫውተው ነጥብ የሚያሻግረው ነጥብ አይደለም

ልጆቼ፣

በአሜሪካ ጁኒየር ኮሌጅ፣ ማለትም ባለሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ቅርጫት ኳስ ለምትጫወቱ፣ ወይም በመጪው ኦገስት ለመጀመር ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ላላችሁ ነው የምጽፈው። ስለ ውርወራና ስለ መከላከል የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የማነሳው ትራንስክሪፕታችሁን ነው። ዩኒቨርሲቲ ፈርሞ፣ ፎቶው ተለጥፎ፣ ቤተሰቡ ደግሶ ከሸኘው በኋላ ወረቀቱ አልሟላ ብሎ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ ልጅ አለና።

ነገሩ የሚበላሸው «እየተጫወትኩ ስለሆነ ችግር የለብኝም» ከሚል ግምት ነው። አብዛኞቹን ጁኒየር ኮሌጆች የሚያወዳድረው ኤንጄሲኤኤ ለሁለተኛው የውድድር ዓመት 24 ክሬዲትና 2.0 ጂፒኤ ይበቃዋል። ወደ ኤንሲኤኤ (የዩኒቨርሲቲዎቹን ስፖርት የሚመራው ማኅበር) ዲቪዥን አንድ፣ ማለትም ከፍተኛው ምድብ፣ ለመዛወርና ወዲያው ለመጫወት ግን የሚጠየቀው 2.5 ነው። 2.2 ያለው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይሰለፋል። ከ1949 ጀምሮ የወንዶቹ አገር አቀፍ ውድድር በሚካሄድባት በካንሳሷ ሃቺንሰን ዋንጫ ሊያነሳም ይችላል። በዚህ ሁሉ መሃል «ቆይ፣ አንተ አትሻገርም» ብሎ ፊሽካ የሚነፋለት የለም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ሦስት ሴሚስተር ጨርሳችሁ 36 ክሬዲት በ2.2 አላችሁ እንበል። 79.2 ነጥብ ማለት ነው። በ48 ክሬዲት 2.5 ላይ ለመድረስ 120 ነጥብ ስለሚያስፈልግ፣ በቀሩት 12 ክሬዲቶች 40.8 ነጥብ፣ ማለትም የ3.4 አማካይ ማምጣት አለባችሁ። ሁለት ኤ እና ሁለት ቢ፣ ያውም በውድድሩ ማብቂያ ሴሚስተር፣ አውቶብስ ላይ እያደራችሁ። አንድ ባለሦስት ክሬዲት ኤፍ ወደ 2.5 ለመመለስ አምስት ቢ ይጠይቃል። አንድ ዲ ሦስት ቢ ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር «መልመጃ» አይደለም፤ ከሁሉም ርካሹ ነጥብ የሚገኘው እዚያው ነው።

ጂፒኤው የሚሰላው ደግሞ ኮሌጃችሁ በሚያሳያችሁ ቁጥር አይደለም። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሊዛወሩ የሚችሉትን ኮርሶች ብቻ ለይቶ እንደገና ያሰላዋል። እንግሊዝኛና ሂሳብ ለማጠናከር የሚሰጡት የመሰናዶ ኮርሶች ይወጣሉ። የስፖርት እንቅስቃሴ ኮርስ ቢበዛ ሁለት ክሬዲት ነው የሚቆጠረው። «ቫርሲቲ ባስኬትቦል» በሚል ስም በየሴሚስተሩ ኤ የሚታደለው ልጅ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ 2.7 ያየበት ትራንስክሪፕት 2.4 ሆኖ ይመለሳል። ዲ በተለይ ክፉ ነው፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱን አይቀበሉም፣ ኮርሱ በዓይነቱ የሚዛወር ከሆነ ግን ውጤቱ ጂፒኤው ውስጥ ይገባል። ክሬዲት ሳታገኙ ነጥባችሁ ይወርዳል ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ በፊት ልታውቁት ወደሚገባው ጥያቄ፦ ከሁለተኛ ደረጃ ስትወጡ ኳሊፋየር (የኤንሲኤኤን የትምህርት መስፈርት ያሟላ ተማሪ) ነበራችሁ ወይስ አልነበራችሁም? ኤንሲኤኤ ዲቪዥን አንድ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 16 ዋና ዋና ኮርሶችን በ2.3 አማካይ ይጠይቃል። ከነዚህ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፣ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። የመግቢያ ፈተናዎቹ ኤስኤቲና ኤሲቲ ከ2023 ወዲህ አይጠየቁም። ብዙ ልጆች «ጁኮ (ጁኒየር ኮሌጅ) ስለምገባ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር፣ የኤንሲኤኤ ብቁነት መርማሪ ክፍል፣ መመዝገብ አያስፈልገኝም» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ የሚጠበቅባችሁን መንገድ የሚወስነው ያ መዝገብ ነውና።

ኳሊፋየር የሆነ ልጅ ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ተምሮ፣ በየሴሚስተሩ በአማካይ 12 የሚዛወር ክሬዲትና 2.5 ይዞ መሻገር ይችላል። ኳሊፋየር ያልሆነው ቢያንስ ሦስት ሴሚስተር በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ቆይቶ በአሶሼት ዲግሪ (በሁለት ዓመቱ የኮሌጅ ዲግሪ) መመረቅ፣ 48 የሚዛወር ክሬዲት መያዝ፣ ከዚያም ውስጥ 6 የእንግሊዝኛ፣ 3 የሂሳብ፣ 3 የሳይንስ ክሬዲት ማሟላት አለበት። 2.5ቱ እንዳለ ነው። ዲግሪው የአካዳሚክ እንጂ የሙያ መሆን የለበትም። ከዲግሪው ክሬዲት ቢያንስ ሩቡ ከሚያስመርቀው ኮሌጅ የተገኘ መሆን አለበት፤ በየኮሌጁ እየዞሩ ክሬዲት የሚለቅሙትን የሚይዘው ይኸኛው ነው።

ጁኮ መግባት ውድቀት እንዳይመስላችሁ። ጂሚ በትለር ቴክሳስ ታይለር ጁኒየር ኮሌጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ነው ማርኬት የገባው። ላሪ ጆንሰንም ኦዴሳ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1990 ከዩኤንኤልቪ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል።

የሂሳብ ኮርሱን አታዘግዩት። የምደባ ፈተናው መሰናዶ ኮርስ ካዘዘባችሁ፣ ኮሌጅ አልጀብራ ጋ ለመድረስ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር ይሄድባችኋል። ለመጨረሻው ሴሚስተር አቆይቶ የወደቀ ልጅ ሌላው ሁሉ ቢሟላለትም አይሻገርም። እንግሊዝኛውም ሁለት ተከታታይ ኮርስ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አይገፋም።

በየሴሚስተሩ 12 ክሬዲት ብቻ መመዝገብም ወጥመድ ነው። አንድ ክላስ ድሮፕ ካደረጋችሁ 9 ላይ ትወርዳላችሁና በዚያው ሳምንት ከሜዳ ትወጣላችሁ። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ያለ ልጅ ደግሞ ያለ ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ፈቃድ ከ12 በታች ከወረደ ቪዛው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። 12 ለመሙላት በኦንላይን መደገፍም አይችልም፤ በሴሚስተር ከአንድ የኦንላይን ክላስ ወይም ከ3 ክሬዲት በላይ አይቆጠርለትም። ደግሞም 12 በ4 ሲባዛ ልክ 48 ነው፣ ለአንድ ስህተት እንኳ ቦታ የለውም። 15 ተመዝገቡ። በአራት ሴሚስተር 60 ይሆናል፣ አሶሼት ዲግሪውም በአብዛኛው እዚያ አካባቢ ነው።

ሰው የሚረሳው የሜጀር፣ የዋናው የትምህርት ዘርፍ፣ ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ዓመታችሁን ስትጀምሩ ከምትማሩት ዲግሪ 40 በመቶው መጠናቀቅ አለበት፤ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ 48 ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው 60 ክሬዲታችሁን ሁሉ ቢቀበልም 14ቱ ለመረጣችሁት ሜጀር የማይጠቅሙ ከሆኑ የቀሩት 46 ናቸው፤ በሁለት ክሬዲት ቀራችሁ። ኢንጂነሪንግና ነርሲንግ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ቅድመ ኮርሶቻቸው ጥብቅ ናቸውና። ሜጀራችሁን ለኳስ ስትሉ ቀይሩ አልልም፤ እኔ ብሆን ዲግሪውን አስቀድማለሁ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ኮርሶቻችሁ በዚያ ሜጀር አንድ በአንድ የሚቆጠሩትን በጽሑፍ ጠይቁ።

የጁኮ ዓመታትም ከሰዓቱ ውጭ አይደሉም። ዲቪዥን አንድ ለመጫወት የሚፈቅደው የአምስት ዓመት ቆጠራ የሚጀምረው በየትኛውም ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ ከተመዘገባችሁበት ቀን ነው። የእግር ኳሱ ዲዬጎ ፓቪያ፣ የአሜሪካውን እግር ኳስ ማለቴ ነው፣ የጁኮ ዓመታቱ ሊቆጠሩበት አይገባም ብሎ ከስሶ በዲሴምበር 2024 የፍርድ ቤት እገዳ አስወጥቷል። ኤንሲኤኤም በሱ ሁኔታ ላሉ የጁኮ ተጫዋቾች የአንድ ተጨማሪ ዓመት ፈቃድ ሰጠ። ሕጉ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ በየዓመቱ የዚያን ዓመት ደንብ ጠይቁ። በክስ የሚገኝ ዓመት ላይ ተማምናችሁ ግን ክላስ አትጣሉ።

አሰልጣኙ «አታስብ፣ ይስተካከላል» ሲል በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል፤ ብቁነታችሁን የሚያረጋግጠው ግን እሱ አይደለም። የሚያረጋግጡት የዩኒቨርሲቲው ኮምፕላያንስ ቢሮ (የስፖርት ደንብ መከበሩን የሚከታተለው) እና ሬጂስትራር ናቸው። በእያንዳንዱ ሴሚስተር ማብቂያ ትራንስክሪፕታችሁን ላኩላቸውና ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ የሚዛወር ክሬዲት ስንት፣ የሚዛወር ጂፒኤ ስንት፣ ለሜጀሩ የሚቆጠር ስንት። በስልክ የተነገረ አይበቃም፣ ኢሜይል ይሁን። የኮርሶቹንም ሲለበስ (የኮርስ ይዘት ዝርዝር) አስቀምጡ፤ «ይህ ኮርስ ምንድን ነው?» ሲባል የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወይም ያልተከፈለ የትምህርት ክፍያ ትራንስክሪፕት ሊያስይዝ ስለሚችል በሜይ ጨርሱት። «ኢንኮምፕሊት» (ያልተጠናቀቀ) የተሰጣችሁ ኮርስ በቀነ ገደቡ ካልተዘጋ ወደ ኤፍ ሊቀየር ይችላል።

ከኢትዮጵያ ለምትመጡት አንድ ነገር ልጨምር። በትራንስክሪፕታችሁ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ 12ኛ ክፍልን ሰኔ 2014 የጨረሰ ልጅ አሜሪካ ላለው መርማሪ ስምንት ዓመት ቀድሞ የጨረሰ ይመስላል። ከዚያ «በነዚያ ዓመታት የት ነበርክ፣ ለየትኛው ክለብ ተጫወትክ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የተደረገ የተደራጀ ውድድር ይቆጠራልና። ትምህርት ቤቱ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። የስማችሁ፣ የአባታችሁና የአያታችሁ ስም አጻጻፍም በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በብሔራዊ ፈተና ሰርተፊኬት ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ከአገር ሳትወጡ አረጋግጡ። ከወጣችሁ በኋላ ለማስተካከል ሰው ወክላችሁ፣ የሥራ ቀን ቆጥራችሁ ነው፤ ኦገስት ደግሞ አይጠብቅም።